ያን ሌሊት ቤዝ የተጫወተው ማን ነበር?

ሁለት የሙዚቃ አፍቃሪዎች ስለ አንድ የድሮ ኮንሰርት ማውራት ከጀመሩ ሳይከራከሩ አይለያዩም። አንዱ «ሚሌኒየም አዳራሽ ነው» ሲል ሌላው «ግዮን ነው እንጂ» ይላል። ሳክስፎኑን የነፋው እገሌ ነው የሚል አለ፤ ያ ሰው ያኔ አሜሪካ ነበር ብሎ የሚምል ደግሞ አይጠፋም። በዘፋኙ ግን ማንም አይከራከርም። የሚጠፋው ሌላው ሁሉ ነው፦ ቀኑ፣ የባንዱ አባላት፣ የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል፣ በዘፈኑ መሀል ድንገት የተጨመረችው ስንኝ።

ለዚህ ነው ስልኩን ከፍ አድርጎ ዝነኛውን ዘፈን ከመነሻው እስከ መጨረሻው የሚቀዳ ሰው ድካሙ የሚያሳዝነው። ያ ዘፈን በካሴት አለ፣ በሲዲ አለ፣ በዩቲዩብ አለ፤ ያውም ጥርት ብሎ። ሊያዝ የሚገባው በሌላ ቦታ የማይገኘው ነው። እሱን ለመያዝ ደግሞ ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ ምን መቼ እንደሚያመልጥ ማወቅ ብቻ ይበቃል።

ከቀኑ እንጀምር፤ ቀላል መስሎ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቅዳሜ ማታ የተጀመረ ዝግጅት ላይ ዋናው ዘፋኝ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል መድረክ ቢወጣ ለእኛ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ነው። ስልኩ ግን እሑድ 01:30 ብሎ ይመዘግበዋል። ብዙ የቪዲዮ ፋይሎች በውስጣቸው የሚይዙት ደግሞ የግሪንዊችን ሰዓት ስለሆነ፣ ኢትዮጵያም በ3 ሰዓት ስለምትቀድም፣ ያው ቪዲዮ በአንዳንድ ፕሮግራም ሲከፈት ቅዳሜ 22:30 ይላል። አንድ ዘፈን ሦስት ሰዓትና ሁለት ቀን አገኘ ማለት ነው። ዋሽንግተን ላይ የተቀዳ ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ ከአዲስ አበባ ጋር ያለው ልዩነት በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ነው። መፍትሔው አንድ መስመር ነው፦ «ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7፡30 ገደማ፣ በአገሩ ሰዓት» ብሎ በእጅ መጻፍ። ፋይሉ የሚለውን ማመን አያስፈልግም።

ዓመተ ምሕረቱም እንደዚሁ ነው። ከፈረንጆቹ ጋር ያለን ልዩነት ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። የቦብ ማርሌይ 60ኛ የልደት በዓል ኮንሰርት በመስቀል አደባባይ የተደረገው ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው፤ በእነሱ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2005። አንድ ሰው «በ2005 መስቀል አደባባይ ነበርኩ» ብሎ ጽፎ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ካልጨመረበት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚያነበው ሰው ስምንት ዓመት ይስታል። ሁለቱንም አቆጣጠር አንድ ላይ መጻፍ የአምስት ሴኮንድ ሥራ ነው።

ቀጥሎ የዘፈኖቹ ዝርዝር ነው። ጊዜው ጭብጨባው ላይ ነው፤ ባንዱ ውኃ ሲጠጣ፣ ክራሩ ሲቃኝ። የስልኩን ብርሃን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጎ ሦስት ነገር ብቻ መጻፍ ይበቃል፦ የዘፈኑ ስም ወይም የመጀመሪያ ስንኙ፣ በመሀል ሶሎ የተጫወተው መሣሪያ፣ ከካሴቱ የተለየ ነገር ካለ እሱ። ሦስት አራት ዘፈን ሳይቆም ሲያያዝ በመሀላቸው የመደመር ምልክት አድርጉ፤ ያለዚያ በማግስቱ ስድስት ዘፈን የነበረው ምሽት አሥራ አምስት ይሆናል፣ ወይም በተቃራኒው።

«ትዝታ ዘፈነ» ብሎ መጻፍ ምንም እንዳልጻፉ ይቆጠራል። ትዝታ የቅኝትም ስም ነው፣ የዘፈንም ስም ነው፤ በዚያ ላይ ያልተጫወተው ድምፃዊ የለም፣ ግጥሙም ከመድረክ መድረክ ይለዋወጣል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስንኞች ጻፉ። ቅኝት መለየት የሚችል ሰው ከአራቱ፣ ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ የትኛው እንደሆነ ቢጨምርበት ከሃያ ዓመት በኋላ የተምታታ ዘፈን የሚለይበት ምልክት ይሆናል። ጆሮው ላልለመደለት ሰው ክራሩ ይረዳዋል። ተጫዋቹ ዘፈን ሲያልቅ ቆሞ አውታሮቹን እንደገና ከቃኘ፣ ብዙውን ጊዜ የሚቀጥለው ዘፈን በሌላ ቅኝት ነው። ክሩ ረግቦበትም ሊሆን ይችላል፤ ሞቃት አዳራሽ ውስጥ ይረግባል።

አሁን ወደ ባንዱ። ፖስተሩ ላይ የዘፋኙ ፊት ሰፊ ነው፤ ባንዱ ከታች በደቃቅ ፊደል ነው፣ እሱም ከተጻፈ። ተጫዋቾቹ በስም የሚጠሩት ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ዘፋኙ ወደ ማብቂያው ላይ ዘወር ብሎ «በድራም…» ሲል። ከጠቅላላው ኮንሰርት አንዲት ነገር ብቻ ቅዱ ብባል የምመርጠው ያቺን ሁለት ደቂቃ ነው። ችግሩ ታዳሚው የሚጮኸውም ያኔ መሆኑ ነው፣ ድራመሩም ስሙ ሲጠራ ዝም አይልም፤ ስለዚህ ግማሹ ስም አይሰማም። ለማሟያ ከመሀል ሆኖ መብራቱ ሁሉ ሲበራ መድረኩን በሙሉ የሚያሳይ አንድ ፎቶ ማንሳትና ከግራ ወደ ቀኝ ማን ምን ይዞ እንደቆመ መጻፍ ይጠቅማል። ድራመሩ ከሲምባሉ ጀርባ፣ ኪቦርዲስቱ ከስፒከሩ ጀርባ ይደበቃሉ፤ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ብሎ ሁለተኛ ፎቶ ይጨመር። ኮረሶቹን (ከኋላ የሚያጅቡትን ድምፃውያን) አትርሱ፤ ከነሱ መካከል ነገ ዋና ዘፋኝ የሚሆን አይጠፋም። ትልቁ ስሕተት የካሴቱን የባንድ ዝርዝር አይቶ «እነዚህ ናቸው የተጫወቱት» ማለት ነው። ጉዞ ላይ፣ በተለይ ውጭ አገር፣ ቪዛ ያላገኘ ሰው በሌላ ይተካል።

ቅጂውን በተመለከተ፣ ከስልኩ ዓይነት ይልቅ የቆማችሁበት ቦታ ይበልጣል። የድምፅ ባለሙያው ሚክሰሩን ይዞ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ ከመድረኩ ፊት ለፊት፣ ወደ አዳራሹ መሀል ነው። ድምፁን የሚያስተካክለው እዚያ በሚሰማው ልክ ስለሆነ ጥሩው ቦታ እሱ አጠገብ ነው። መድረኩ ሥር ከሆናችሁ የድራሙና የጊታሩ አምፕ (ማጉያ) ድምፅ በቀጥታ ይመጣባችኋል፤ የዘፋኙ ድምፅ ግን ከላይና ከጎን ባሉት ትልልቅ ስፒከሮች ስለሚወጣ በላያችሁ ያልፋል። ቪዲዮው ያምራል፣ ዘፈኑ የለም። የአዳራሹ ማዕዘን ላይ ቤዙ ይከማችና ሁሉንም ያፍናል። ሰገነት ሥር ደግሞ ቀጭን ድምፅ ይጠፋል፤ ዋሽንትና ማሲንቆ ከሩቅ ቤት የሚመጡ ይመስላሉ።

በጣም ወደ ኋላ መራቅም ዋጋ አለው። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከመድረኩ 34 ሜትር የቆመ ሰው የድራሙን ምት የሚሰማው ዱላው ሲያርፍ ካየ ከአንድ አሥረኛ ሴኮንድ በኋላ ነው። ለጆሮ ብዙም አያስቸግርም፣ ቪዲዮ ላይ ግን ከንፈርና ድምፅ ይለያያሉ። ሲስተካከል ለየአንዳንዱ ሜትር 3 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ድምፁን ወደ ፊት መሳብ ነው። የኋላው ታዳሚ ጭብጨባ ሁልጊዜ የዘገየ የሚመስለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ምት ስለማያውቅ አይደለም።

የስልክ ማይክሮፎን ብዙውን ጊዜ ከታች ጠርዝ ላይ ነው። ስልኩን አግድም ሲይዙት መዳፍ ይሸፍነዋል፤ ከዚያ ድምፁ ከብርድ ልብስ ሥር የወጣ ይመስላል። ሁለተኛው ችግር መሰነጣጠቅ ነው። ቤዙ ማይክሮፎኑን ከአቅሙ በላይ ሲገፋው የተሰነጠቀ ድምፅ ኋላ በምንም ፕሮግራም አይጠገንም። የድምፅ መጠን በእጅ የሚስተካከልበት መተግበሪያ ካላችሁ ከፍተኛው ድምፅ በመለኪያው ላይ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል (-12) ላይ እንዲያርፍ አድርጉ፤ የመጀመሪያው ዘፈን ሁልጊዜ ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ በሱ ልክ ብታስተካክሉ ሦስተኛው ላይ ያልፍባችኋል። መተግበሪያ ከሌለ ከስፒከሩ መራቅ ብቻ ነው መድኃኒቱ። ጥሪ ሲመጣ ቀረጻው የሚቋረጥበት ስልክ ብዙ ነው፤ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። ዲጂታል ዙም አትንኩ፣ ፍላሽም አታብሩ፤ ፍላሽ የሚያበራው የፊተኛውን ሰው ማጅራት ብቻ ነው። በቪዲዮው ላይ አግድም ጥቁር መስመር ከተንሸራሸረ የመድረኩ መብራት ከ50 ኸርዝ መብራት ኃይል ጋር ስለሚርገበገብ ሊሆን ይችላል፤ ስልኩ የሚፈቅድ ከሆነ በሴኮንድ 25 ምስል ላይ መቅዳት ያስተካክለዋል።

ስንት ይቀዳ? ከእያንዳንዱ ዘፈን መግቢያውን፣ 30 ሴኮንድ። መግቢያው ዘፈኑን ይለያል፣ ቁልፉን (የተዘፈነበትን የድምፅ ከፍታ) እና ፍጥነቱን ይነግራል። በ1080 ጥራት አንድ ደቂቃ እስከ 130 ሜጋባይት ስለሚወስድ ሃያ ዘፈን ከ1.3 ጊጋባይት አያልፍም። ከዚያ እጅን አውርዶ መስማት፤ በካሴቱ የሌለ ነገር ሲመጣ ብቻ እንደገና ማንሳት። ሙሉውን ድምፅ የሚፈልግ ሰው ለብቻ በድምፅ መቅጃ ይያዘው፤ በሲዲ ጥራት ደቂቃው 10 ሜጋባይት ነው፣ ሦስት ሰዓት 2 ጊጋባይት አይሞላም። ሙሉ ኮንሰርት ሰው ፊት መዘርገፍ ግን የዘፋኙን እንጀራ መንካት ነው፤ ለራስ ማስቀመጥ ሌላ፣ ማሠራጨት ሌላ። ለጓደኛ ሲላክ በቴሌግራም «ፋይል» አድርጎ ነው፤ እንደ ተራ ቪዲዮ ከተላከ ይጨመቃል፣ በውስጡ ያለው ቀንም ሊጠፋ ይችላል።

ስለ ጆሮ አንድ ነገር፤ ሰው ስለማይሰማ ነው እንጂ ረጅም ጉዳይ ነበር። 100 ዴሲቤል በብዙ ኮንሰርት የተለመደ ነው፤ በሥራ ቦታ የጤና መመዘኛ መሠረት ያን ያህል ድምፅ ያለ መከላከያ የሚፈቀደው ለ15 ደቂቃ ያህል ነው። ከሦስተኛው ሰዓት በኋላ ጆሮ ስለሚደነዝዝ «ማብቂያው ላይ ድምፁ ወረደ» የሚለውን ምስክርነት ብዙም አልቀበለውም። ለስላሳው የስፖንጅ መድፈኛ በጣት ጠብቆ ይጠቀለላል፣ በሌላው እጅ ጆሮ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይሳባል፣ ከገባ በኋላ እስኪነፋ 30 ሴኮንድ ተይዞ ይቆያል። ግማሹ ውጭ ከቀረ አልሠራም።

አዝማሪ ቤት ሕጉ ሁሉ ይገለበጣል። እዚያ ዋናው ነገር ዜማው ሳይሆን ግጥሙ ነው፤ ታዳሚው «ተቀበል» ብሎ ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜማል፣ ያቺ ስንኝ ከዚያ ሌሊት በኋላ አትደገምም። ስለዚህ ከ30 ሴኮንድ ይልቅ ሙሉውን መያዝ ይሻላል። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ችግሩ ስፒከር ሳይሆን አጠገባችሁ የሚያጨበጭበው ሰውና ከበሮው ነው። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡ፤ ብርጭቆ ባረፈ ቁጥር ቡም ይላል። የታጠፈ ጋቢ ወይም ነጠላ ላይ፣ ከማሲንቆው ሁለት ሜትር፣ ከበሮውን በጎን አድርጎ ማኖር በቂ ነው። ቅጂው ብቻውን ግን አይበቃም። የሰምና ወርቁ ወርቅ ያለው ማን እንደተነካ ላይ ነው፤ «ራሰ በራ የሆነው እንግዳ ሲገባ የተባለ» የሚል ማስታወሻ ከሌለው ስንኙ ከወር በኋላ ሰሙ ብቻ ይቀራል። ያው ማስታወሻ ደግሞ ሳይጠይቁ ማሠራጨት የማይገባበትን ምክንያት ይናገራል፤ እንግዳው ሊስቅ የመጣው ለዚያ ቤት ሰው እንጂ ለአገር አይደለም።

የድሮ ትዝታ ሲቀርብ እንዴት ይመዘናል? ማንንም ሳያስቀይም የሚሠራው መንገድ በእርግጥ የሚታወቁ ቀኖችን እንደ ችካል መትከል ነው። የአሜሪካዊው የጃዝ ሙዚቀኛ የዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራ አዲስ አበባ የመጣው በ1966 ዓ.ም. (ኖቬምበር 1973 እ.ኤ.አ.) ነው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ገና በዙፋን ላይ ሳሉ፤ «በደርግ ጊዜ አየሁት» የሚል ሰው ሌላ ኦርኬስትራ ነው ያየው። የሒልተኑ ዋልያስ ባንድ አሜሪካ የተጓዘው በ1981 እ.ኤ.አ. ሲሆን ኃይሉ መርጊያ ከዚያ ሳይመለስ ቀርቷል፤ ስለዚህ ከ1974 ዓ.ም. በኋላ «ሒልተን ኃይሉ ኪቦርድ ላይ ነበር» የሚል ትዝታ ወይ ዓመቱ ወይ ሰውየው ተሳስቷል። ሚሌኒየም አዳራሽ ለ2000 ዓ.ም. በዓል የተሠራ ነው፤ በ1998 እዚያ የተጨፈረ ኮንሰርት የለም። በዚያው አዳራሽ ብላክ አይድ ፒስ በመስከረም ዋዜማ፣ ቢዮንሴ በጥቅምት 2000 ስለተጫወቱ ሁለቱን ማምታታት ቀላል ነው። የጥላሁን ገሠሠን የመጨረሻ መድረክ የሚያስታውስ ሁሉ ካረፈበት ከሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ከዚያ የፋሲካ ቀን፣ ወደ ኋላ ይቁጠር። ፒያሳ ጣይቱ ሆቴል የነበረው የጃዝ ክበብ ጃዛምባ በጥር 2007 ዓ.ም. ነው የተቃጠለው።

ወረቀትም ይመሰክራል። ትኬቱ ላይ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ካለ ከአብዮቱ በፊት ነው፤ «ብሔራዊ ቴአትር» ካለ በኋላ። ፖስተር ላይ ያለው የአዲስ አበባ ስልክ ስድስት አኃዝ ከሆነ ከ1998 ዓ.ም. አካባቢ በፊት የታተመ ነው። የደርግ ዘመን ትዝታ ደግሞ ሰዓት እላፊውን ማለፍ አለበት፤ የዚያን ጊዜ የምሽት ክበብ በሩ ተዘግቶ እስከ ንጋት ነበር የሚጨፈረው። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት በታክሲ ወደ ቤት ገባን» የሚል ጨዋታ ሲመጣ ፈገግ ብሎ ዓመቱን እንደገና መጠየቅ ነው። አሁን የሚታተሙት ትኬቶች ብዙዎቹ በሙቀት የሚታተሙ ስለሆኑ በጥቂት ዓመት ይነጣሉ፤ ላሚኔት ከተደረጉ ደግሞ ሙቀቱ ወዲያው ያጠቁራቸዋል። በዚያው ሌሊት ፎቶ አንሥቶ ወረቀቱን ከፀሐይ ማራቅ ነው።

ከሁሉ የከበረው ግን ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው፣ በቴፕ ከታዳሚ መሀል የተቀዳ ካሴት ነው። ከማጫወታችሁ በፊት ከላይ ጠርዙ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጆሮዎች ስበሩ፤ ከዚያ ማንም በስሕተት ሊቀዳበት አይችልም። የቴፑን ጭንቅላት በአልኮል (90 ከመቶና ከዚያ በላይ) በነከረ ጥጥ ጥረጉ፣ ይድረቅ፣ ካሴቱን አንድ ጊዜ እስከ ዳር ወስዳችሁ መልሱ። ወደ ኮምፒውተር የሚገባው በገመድ፣ ከቴፑ የድምፅ መውጫ ቀዳዳ («ላይን አውት») ነው፤ ስፒከር ፊት ስልክ ደቅኖ መቅዳት ሁለተኛ ጥፋት ነው። ለቅጂው ጥራት 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ ይበቃል። የ90 ደቂቃ ካሴት አንዱ ገጽ 45 ደቂቃ ስለሆነ አንድ ዘፈን መሀሉ ላይ መቆረጡ አይቀርም፤ የጠፋውን ለመሸፈን ሁለቱን ጫፍ አታጣብቁ፣ ክፍተቱን ተዉት።

ወደ ካሴቱ ማብቂያ ላይ የዘፋኙ ድምፅ እየቀጠነ፣ ዘፈኑም እየፈጠነ ከመጣ ዘፋኙ አልተለወጠም፤ ሲቀዳ የቴፑ ድንጋይ እያለቀ ነበር። ሞተሩ ሲቀዳ ዘገየ፣ አሁን በትክክለኛ ፍጥነት ሲጫወት ሁሉም ይፈጥናል። በካሴት ከታተመው ዘፈን ጋር አመሳስሎ ማስተካከል አያስተማምንም፤ ዘፋኞች መድረክ ላይ ቁልፉን ዝቅ ያደርጋሉና። ከዚያ ይልቅ በዘፈኖቹ መሀል ዝም ሲል ከመድረኩ አምፕ የሚመጣውን የመብራት እምምታ ፈልጉ። እሱ 50 ኸርዝ ወይም እጥፉ 100 መሆን አለበት። በፕሮግራሙ 53 ሆኖ ከታየ ካሴቱ በ6 ከመቶ ፈጥኗል፣ ግማሽ ድምፅ ያህል ማለት ነው፤ ፍጥነቱን በ0.943 ማባዛት ይመልሰዋል። እምምታው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እየጨመረ ስለሚሄድ በየአምስት ደቂቃው መለካት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ የሚሠራው በቅጂው ቅጂ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የወጣው ፋይል ከነሹክሹክታው፣ ከነጭብጨባው፣ «ዝቅ በል፣ አይታየኝም!» ከሚለው ሰውዬ ጋር እንዳለ ይቀመጣል።